የሸምሱ መነፅር

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር በደንብ አይገባም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ዳቦ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ እሠራበት በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማሽኖቹ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ለቀምኩት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእጄ ነክቼው ሳይነሣ የቀረ ሞተር የለም። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ቴሌቪዥን የተበላሸበት ሰው ዛሬም የሚያስጠራው እኔን ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በመዝገቤ ላይ ስርዝ ድልዝ አይገኝም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ያለ መነፅር አነባለሁ።

የምጽፈው ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ላይ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። ሰው ያን ዓመት ረስቶታል። እኔ ግን ማለዳ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያኔ ድንኳን መትከል ተከለከለ። እድር ያለ ድንኳን ምን ይሠራል? ጥቂት ሰዎች ቀብረው ይመለሳሉ፣ ሐዘንተኛው በሩን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹን የሚጎዳቸው በሽታው ብቻ አይደለም፣ ብቸኝነቱም ነው። በስልክ እንኳ የሚገናኙበት ነገር ቢኖር» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «እንጃ» ይላት ነበር። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ቴሌግራምን በራሴ ተምሬ ግሩፕ ከፈትኩ። ስሙንም «ድንኳን» አልኩት።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። ሁሉም ድምፁን እየቀዳ ይልካል። አንዷ ታለቅሳለች፣ እሷን የሰማው ሌላው ያለቅሳል። ሁለት ሰዎች «ጭራሽ ባሰብን» ብለው ወጡ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ስም እጠራለሁ፤ የምጠራው በድምፄ ነው፣ ድምፅ የተፈቀደው ለእኔ ብቻ ነው። ሌላው ሰው «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። የከበደውን ነገርም ጽፎ ያካፍላል፣ እንመካከራለን። ድምፅ የላከ ከራሱም ስልክ ላይ ይጠፋበታል። ሦስት ቀን ያልጻፈ፣ በእድራችን ስብሰባ ሦስቴ እንደቀረ ሰው ይሰረዛል።

ሥርዓት ያዘ። ሰዎች ተረጋጉ። ማለዳ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» የሚለው ሲደረደር፣ እውነቴን ነው፣ ከጸሎት አይተናነስም ነበር።

ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ መንገዳችን ዳር ሱቅ ከከፈተ አርባ ዓመት ሊሆነው ነበር። እኩያዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብለታለሁ። «ኢንጂነር፣ መነፅሬን ረስቼዋለሁ፤ እስቲ አንተ አንብበው» ይለኛል። ኢንጂነር የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ነው፣ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። አነባበቤን የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

ሚስቱ ዘሀራ በክረምቱ መግቢያ በኮሮና ሞተች። ቀብሯ ላይ አልቆምንለትም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ቀረ። ልጁ ሒክማ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ እኔ ጋ ና ብትለው ሱቄን አልዘጋም አላት። ስልክ ገዝታ ግሩፑ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ግሩፑ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር።

ማለዳ ስሙን ስጠራ ድምፅ ይልካል። አንዱንም ሳልከፍት አጠፋሁ። ሕግ ለወዳጅ ካደላ ሕግ አይደለም።

አንድ ቀን አፌን ሸፍኜ ከመንገዱ ማዶ ጮህኩበት።

«ሸምሱ! ምነው አትጽፍም?»

«መነፅሬ ተሰብሯል፣ ኢንጂነር።»

«ሰበብ አታብዛ! እማማ ደብሪቱ እንኳ በሰማንያ ዓመታቸው ይጽፋሉ።»

«በአፌ ብናገርስ?»

«በአፍማ ማንም ይናገራል።»

ሳቀ። «አንተ እኮ ኮሮና ራሱ ቢመጣብህ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ታስፈርመዋለህ» አለኝ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱም ድምፅ ላከ፣ አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን ከግሩፑ አስወጣሁትና፣ «በደንቡ መሠረት ከመዝገብ ተሰርዘሃል» የሚል መልእክት ለብቻው ላክሁለት። ደንግጦ ይጽፍልኛል፣ ያኔ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። አልጻፈም። በዚያው ሰሞን እኔም ሳል ይዞኝ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሸምሱ ሞተ። ምርመራው ኮሮና አላገኘበትም።

ሒክማ ከቀብሩ በኋላ የአባቷን ስልክ ይዛ መጣች። ልግባ አላለችም፣ በሩ ላይ እንደቆመች ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አባቴን እድሩ የሰረዘው ምን አጥፍቶ ነው?»

«እድሩ መች ሰረዘው? ከግሩፑ ነው። ጻፍ ቢባል አልጽፍ አለ።»

«አባቴ እኮ ፊደል አያውቅም። አያውቁም ነበር?»

«መነፅሩስ?»

«መነፅር ኖሮት አያውቅም።»

አርባ ዓመት ያነበብኩለት ሰው ነው። ፋብሪካው ውስጥ ስንቱን ሠራተኛ ፊደል አስቆጥሬያለሁ።

ቀሪውንም ነገረችኝ። መልእክቴን ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ነው ያነበበለት። ሸምሱ ከእድሩ የተሰረዘ መሰለው። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልቀምስ አለ። «ዘሀራን ሰው አልቀበራትም፣ እኔንም የሚቀብረኝ የለም» ይላት ነበር። ልትደውልልኝ ስትል ከልክሏታል። «ኢንጂነር አለማንበቤን ከሚያውቅ እንደተሰረዝኩ ልቅር» ብሎ።

«የመጣሁት ለዚህ አይደለም» አለችኝ። «በየማለዳው ተጣጥቦ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስሙን እስኪጠሩት ይጠብቅ ነበር። የሚጫነውን ቦታ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የላከልዎትን ድምፅ እንዲሰጡኝ ነው። ምን ይል ነበር፣ ጋሼ? እርስዎ ሰምተውታል።»

በሕይወቴ የተበላሸ ነገር ይዞ የመጣን ሰው አልችልም ብዬ አላውቅም። «ስልኩን ተይልኝ፣ አወጣልሻለሁ» አልኳት። እንዳጠፋሁት አልነገርኳትም። አንዱንም እንዳልሰማሁትም አልነገርኳትም። ይህን ጽሑፍ ካነበበችው ዛሬ ታውቀዋለች።

ከዚያ ወዲህ ያከናወንኩትን ልዘርዝር።

የድምፅ ክልከላውን አንስቻለሁ። ለቅሶም ቢሆን ይላክ ብያለሁ፣ የሚልክ ግን የለም። ሰው ድንኳኑ ሲፈቀድለት ግሩፑን ተወው፤ ማለዳ ስም ስጠራ የሚመልሱልኝ አራት ሰዎች ናቸው።

መዝገቡ ላይ ሸምሱን አልሰረዝኩትም።

እድራችን ውስጥ «መነፅሬን ረስቻለሁ» የሚሉ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። ሁለቱ አሁን ስማቸውን ይጽፋሉ። ሦስተኛው ተቆጥቶ ሰላምታ ከልክሎኛል።

የሸምሱን ስልክ ፈትቼ የተሰነጠቀ መስታወቱን ቀይሬያለሁ፣ ባትሪውንም እንዲሁ። እንደ አዲስ ይሠራል። ውስጡን በሙሉ ፈትሻለሁ። ሳሪስ አቦ ያሉትን የሞባይል ባለሙያዎችም አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ «አባባ፣ የጠፋ ጠፋ» ነው የሚሉኝ። ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ ብዬ በራሴ ለመማር ብዙ ወራት ሞክሬያለሁ።

ሒክማ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ትደውላለች።

«ተገኘ፣ ጋሼ?»

«እየሠራሁበት ነው» እላታለሁ።