ዘመም ያለው ክሪስታል

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ከቢዝመት፣ ከብረትና ከኦክስጅን የሚሠራ ክሪስታል ነበር። ውስጡ ያለው እያንዳንዱ የብረት አተም ትንሽ ማግኔት ነው፤ ግን ጎረቤታሞቹ ፊታቸውን በተቃራኒ አዙረው ስለሚቆሙ፣ የተረፈችውም ጥቂት የማግኔት ጉልበት በክሪስታሉ ውስጥ እየዞረች ስለምትጠፋ፣ ከውጭ ምንም አይታይም። የእኔ ሥራ ከቢዝመቱ ጥቂቱን አነስ ባለ አተም፣ በሳማሪየም፣ መተካት ነው። ያኔ አደራደሩ ዘመም ይላል፣ ዙረቷ ይቋረጣል፣ ትንሽ ማግኔትነትም ብቅ ይላል። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።

ዲላ ያለው ላቦራቶሪያችን ውስጥ የንጥረ ነገሮቹ ዱቄት የሚፈጭበት የድንጋይ ሙቀጫ ወረፋ ነበረው። እኔ ደግሞ ወረፋ አልወድም። ዱቄቱን ይዤ ጨለለቅቱ፣ እናቴ ቤት ሄድኩና ቡና የምትወቅጥበትን ሙቀጫ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤ ቀኑን ሙሉ ወቀጥኩት። መውቀጥ የሚያስተምረኝ ሰው የለም።

ተመልሼ ዱቄቱን በምድጃ አቃጠልኩ፣ እንክብልም አደረግኩት። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩትን ማግኔት ሳስጠጋለት ዘሎ ተለጠፈ። እየሮጥኩ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ።

«በምን ፈጨሽው?» አሉኝ።

«በእናቴ ሙቀጫ፣ ዶክተር።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከብረት» አልኩ።

«እንግዲያው የተሳበልሽ የእናትሽ ሙቀጫ ነው።»

ተናደድኩ፤ በእሳቸውም በራሴም። የቀረኝ ሳማሪየም ለአንድ እንክብል ብቻ የሚበቃ ነበር። እሱ ከተበላሸ የዘንድሮው ምርቃት ቀረ ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች።

ወረፋዬን ጠብቄ በድንጋዩ ሙቀጫ አራት ቀን ፈጨሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ። አዲሱ እንክብል ማግኔቱ ሲጠጋው ንቅንቅ አላለም። እንባዬ መጣ፤ አማካሪዬ ግን ፈገግ አሉ።

«እኛ የምንጠብቀው በእጅ ከሚታወቀው በጣም ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ልከን እናስለካው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ በስልኬ ሲደርሰኝ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። የአተሞቹን አደራደር የሚያሳዩት የኤክስሬይ መስመሮች ከቦታቸው ፈቀቅ ብለዋል፤ ክሪስታሉ በእርግጥ ዘሟል። የማግኔቱን ግራፍ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ክሪስታሉ ምንም ማግኔትነት ባይዝ ኖሮ የውጭው ማግኔት ጉልበት ሲጨመርና ሲቀነስ የተሳሉት የመሄጃውና የመመለሻው መስመሮች ይደራረቡ ነበር። አልተደራረቡም። በመሃላቸው ቀጭን ክፍተት አለ። ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩና መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩ።

«ምነው፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለች እናቴ።

«እማ፣ ለምርቃቴ የምትለብሺውን ቀሚስ አሰፊ» አልኳት።