ሐሞት የሌለው ሥጋ ቆራጭ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሥጋ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ኦይሳ ቢላ አላስነኩኝም። ሶዶ ቄራ ይዘውኝ ሄዱና ገና እንፋሎቱ ያልበረደ የበሬ ጉበት እጄ ላይ አስቀመጡ። «ያዝ፤ እንዳትጨምቀው» አሉኝ። አረንጓዴዋ የሐሞት ከረጢት ከጉበቱ ሥር ተንጠልጥላለች። በግራ እጃቸው አንገቷን ያዝ አድርገው በስስ ቢላ ላጥ ላጥ አደረጓትና ሳትፈነዳ አወጧት። «ይቺ ከፈነዳች ጉበቱን ውሻ ነው የሚበላው» አሉ።

በማግስቱ እኔ ሞከርኩ። ፈነዳች። ጋሽ ኦይሳ አልተቆጡም፤ «ጣትህን ላስ» አሉኝ። ላስኩ። ምሳዬም እራቴም ያው መራራ ሆኖ አደረ። ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ የፈነዳች ሐሞት የለችም።

በእኛ ሥጋ ቤት ማዕረጉ እንዲህ ነው። ጀማሪ ሆድ ዕቃ ያጥባል። ቀጥሎ ቆዳ ይገፍፋል፣ ከዚያ ብልት ያወጣል፣ አጥንት ይለያል። ከሁሉም በላይ ያለው ከሥጋ መክተፊያው ግንድ ፊት ቆሞ ለደንበኛ የሚቆርጠው ነው። ሻኛውን፣ ዳቢቱን፣ ጮማውንና ቀዩን እያሰባጠረ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ደንበኛ በስም ጠርቶ የሚፈልገውም እሱን ነው። እኔ እዚያ እስክደርስ ስንት ጨጓራ እንዳጠብኩ እግዜር ይወቀው።

ከግንዱ ፊት ለቆመ ሰው አንድ ሕግ አለ። ከአዲስ ሥጋ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ደንበኛው እያየ ቆራጩ ራሱ ይበላታል። ጮማ ያለባት፣ ዳጣ ውስጥ በደንብ የተነከረች መሆን አለባት። ዳጣ የእኛ አገር ማባያ ነው፤ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ እንባ ካላመጣ ደግሞ ዳጣ አይባልም። ቆራጩ ሲያኝክ ደንበኛው ፊቱን ያያል። ፊቱ ካማረ «አንድ ኪሎ አድርግልኝ» ይላል። ካልበላ ግን «ይሄ ሰውዬ የሚያውቀው ነገር አለ» ብሎ ጎረቤት ሥጋ ቤት ይገባል። ኦርቶዶክስ የሆነው ባልደረባዬ በጾም ከቅምሻ ያርፋል። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ሰበብም የለኝ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ብርቱካን እራት አታቀርብልኝም፤ «አንተ ደመወዝህን በአፍህ ነው የምትቀበለው» እያለች ትስቅብኛለች።

ሕመሙ የጀመረኝ አንድ ቅዳሜ ነው። ከዲምቱ የመጣ፣ ጮማው ቅቤ የመሰለ በሬ ታርዶ ነበርና ቅምሻው በዛ። ወደ ከሰዓት ላይ ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ወደ ጀርባዬ ዞረ፣ አስመለሰኝ፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ለቀቀኝ።

እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። በሬ የሚያመላልሰው ሹፌር «ጨጓራ ነው» አለ። ሻይ ሻጯ «ጨጓራ ነው» አለች። ብርቱካን ተልባ መትታ አጠጣችኝ። እኔም ስንት ዘመን የበሬ ጨጓራ ያጠብኩ ሰው የራሴን አላጣውም ብዬ ጨጓራ ነው አልኩ። ሁላችንም ተሳስተን ነበር። ሥራዬን ግን አላቆምኩም። ቁራሿን እጎርሳለሁ፣ እስክውጣት ፈገግ እላለሁ፣ ከዚያ ጓሮ ገብቼ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ።

የነቃችብኝ ዶክተር ሕይወት ናት። ዶክተር ሕይወት ቀዶ ሐኪም ስትሆን ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ጥብስ ትበላለች። ጥሬ አትነካም፤ በዚህም እናበሽቃታለን። አንድ ቀን ቁራሼን ጎርሼ ፈገግ ስል ትኩር ብላ አየችኝና «ጋሽ ማርቆስ፣ ይሄ ላብ የዳጣ አይደለም» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት ምንም ሳይበሉ ይምጡ።»

ሰኞ ሄድኩ። ሥጋ ቤት ውስጥ አንቺ የምላትን ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሳያት አፌ ራሱ እርስዎ አለ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ።

«የሐሞት ከረጢትዎ ጠጠር ሞልቷል፤ መውጣት አለበት» አለችኝ።

«ሰው ያለ ሐሞት ይኖራል እንዴ?»

«ሐሞቱን የሚያመርተው ጉበት ነው። ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ቧንቧው እስካለ ድረስ ጀሪካኑ ቢነሣ ውኃ አይቋረጥም።»

«የሶዶ ቧንቧ ከሆነ ጀሪካኑን ባታነሡብኝ ይሻላል» አልኳት። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ሳቀች።

ስንት ስንዝር እንደምትቀደኝ ጠየቅኋት። ትንንሽ ቀዳዳዎች እንደምታበጅና በካሜራ እያየች እንደምታወጣው ነገረችኝ። አላመንኳትም። «እኔ በሬውን ለሁለት ከፍዬ፣ ጉበቱን እጄ ላይ አድርጌ እንኳ ፈንድታብኛለች፤ እርስዎ በቀዳዳ?» አልኩና የጣቴን ታሪክ ነገርኳት። «እኛን ጣት አያስልሱንም እንጂ የአስተማሪዎቻችን ቁጣ ከሐሞት ይመር ነበር» አለች። ቀጥላ ዋናውን ነገር ነገረችኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ስብ የለም፣ ጥሬ ሥጋም የለም። ከዚያ በትንሽ በትንሹ እያዩ መመለስ ነው።

ይህን ለጋሽ ኦይሳ ስነግራቸው ቢላ እየሳሉ ነበር። መሳላቸውን አቆሙ።

«ጊፋታ እየመጣ?» አሉ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የዓመቱ ትልቅ ሥራችንም ያኔ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፣ የሚያርድለትና ሥጋውን በቅርጫ የሚቃርጥለት ሰው ይይዛል።

«ለጊፋታ እደርሳለሁ። መብላቱ ነው እንጂ የማይሆነው።»

«የማይበላ ቆራጭ ከግንዱ ፊት ምን ያደርጋል? ሚዛን ላይ ትቀመጣለህ።»

«ለጊዜው ነው አይደል?»

«እንደ ደንበኛው ነው» አሉና ወደ ቢላቸው ተመለሱ።

ጋሽ ኦይሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገበያውን ስለሚያውቁ ነው። እኔ ግን ሚዛን ላይ ወርዶ ተመልሶ ከግንዱ ፊት የቆመ ቆራጭ አይቼ አላውቅም። የሐኪሞቹን ቢላ አልፈራሁትም። ያስፈራኝ ያቺ የሚዛኑ ወንበር ናት።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ነርሷ ጋሪ ላይ አስተኝታ ስታስገባኝ አንገቴን አቅንቼ ዕቃውን ፈለግሁ፤ የሙያ ነገር ነው። «ቢላው የታለ? ማን ነው የሚስለው?» አልኳት። «ጋሽዬ፣ ዛሬ ቆራጩ እርስዎ አይደሉም፤ ይተኙ» አለችኝ። ማደንዘዣው ሲገባ የጋሽ ኦይሳ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፦ አትጭመቀው።

ስነቃ ዶክተር ሕይወት አጠገቤ ቆማለች። «ፈነዳች?» አልኳት። «አልፈነዳችም» አለችና በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጠጠሮቹን አሳየችኝ። ሽምብራ ያካክላሉ። እጇን ልስም ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ያመመኝ ሆዴ ሳይሆን ትከሻዬ ነው። ሌላ ቦታ ቀደዱኝ እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። ለሥራው ሲባል ሆዴ ውስጥ የገባው አየር ነው፣ እየተራመድክ ታስወጣዋለህ አሉኝ። በኮሪደሩ ስመላለስ ዋልኩ፣ ለቀቀኝ።

ቤት ስገባ ብርቱካን ቅቤውን ደብቃ ጠበቀችኝ። ድንች ቅቅል፣ ጎመን፣ የበቆሎ ገንፎ እየተፈራረቁ መጡ። አንድ ቀን የጎረቤት ገንፎ መሐል ቅቤ አገኘሁና ማንኪያ ሰደድኩ። ቅቤው ሆዴ ውስጥ ለመቀመጥ እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም፤ እኔና እሱ ተያይዘን ወደ ጓሮ ሮጥን። ብርቱካን ውኃ ይዛ በር ላይ ቆማ ትስቃለች።

ወደ ሥራ የተመለስኩት ልክ በጊፋታ ዋዜማ ሰሞን ነው። ጋሽ ኦይሳ ሰው ስላጠራቸው ከግንዱ ፊት አቆሙኝና ራሳቸው ሚዛኑን ያዙ። ገና ጋዋኔን ሳልቆልፍ ጋሽ ዳና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ጋሽ ዳና የቦምቤ ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ተሰብስበው በሬ ለሚገዙት የበላይ እሳቸው ናቸው፤ በየዓመቱ እያስቀመሱ ይፈትኑኝና ለጊፋታ ይይዙኛል። መታመሜን አልሰሙም።

«ሳሮ ማርቆስ!» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝና «በል ቅመስና አሳየን» አሉ።

ከሻኛው ቆረጥኩ፣ ዳጣ አስነከርኩ። እጄ በልማድ እስከ አፌ ደረሰ። ጋሽ ኦይሳ ከሚዛኑ ኋላ ያዩኛል። ቁራሿን መለስኩና አስቀመጥኳት።

«ጋሽ ዳና፣ እኔ አልበላም።»

«ምነው? ሥጋው ታሟል?» አሉ ጋሽ ዳና።

«ሥጋው ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።» ጋዋኔን ገልጬ ጠባሳዎቹን አሳየኋቸው። ጮማ በበላሁ ቁጥር ከጎድኔ ሥር እንደሚይዘኝ፣ ወደ ጀርባዬ እንደሚዞር፣ እንደሚያስመልሰኝ፣ ጨጓራ ነው ብዬ እንደከረምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሐሞት የሌለው ሰው በሬያችንን ሊቃርጥ ነው!» አሉ። ጋሽ ዳና ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን ከቀኝ ጎድናቸው ሥር አድርገው ቆሙ።

«ይቺ ሕመም እኔም ጋ አለች» አሉ በቀስታ። «የሰፈሩ አባት ካልበላ ማንም አይበላም። እበላለሁ፣ ከዚያ ከቤት ኋላ ሄጄ እተኛለሁ። ለሚስቴም አልነገርኩም። ቢላ እፈራለሁ።»

ጓሮ ግድግዳ ይዞ የሚቆም እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ኦይሳ ከሚዛኑ ተነሡ፣ እየተንገዳገዱ መጡና ያቺን ቁራሽ አንሥተው ጎረሷት። ዳጣ ከተዉ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«ሎዖ! ጥሩ ሥጋ ነው» አሉ እያሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ግንዱ ያንተ ነው። ሆድህ እስኪመለስ አፉ የእኔ ይሁን።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ጋሽ ዳናም ጭምር። የዚያን ዓመት የጊፋታ በሬያቸውን የቃረጥኩት እኔ ነኝ። በዓሉ እንዳለፈ ደግሞ ጋሽ ዳናን ይዤ ዶክተር ሕይወት ዘንድ ሄድኩ። ወረፋ ስንጠብቅ «ትፈነዳ ይሆን?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። አትፈነዳም አልኳቸው፤ እውነትም ሳትፈነዳ ወጣችላቸው።

አሁን ከቀዩ ትንሽ እቀምሳለሁ፣ ጮማውን ጋሽ ኦይሳ ይቀምሱልኛል። ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ዳና መጥተው ከግንዱ ፊት ቆሙ። «ቀይ ብቻ። ጮማ እንዳትነካብኝ» አሉ። ከሽንጡ ሁለት ስስ ቁራሽ ቆረጥኩ። አንዷን እኔ በላሁ፣ አንዷን እሳቸው በሉ። ከዚያ «ግማሽ ኪሎ» አሉ።

ከግንዱ ፊት ለሚቆሙ ወጣቶች የምነግራቸው ይህን ነው። ስብ ከበሉ በኋላ ከጎድን ሥር የሚይዝ ሕመም ካለ ሐኪም ይየው። መብላት ያልቻለ ቆራጭም አልበላም ይበል፤ ምክንያቱን ለደንበኛው ይንገር።