በመስኮቱ ቀዳዳ የታየው ልብ

አጎቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ የዚያን ዕለቱን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ከጠላት ወረራ በፊት፣ እሪ በከንቱ ባለው ቤታችን፣ ዶሮ በታቀፈች በአምስተኛው ቀን አጎቴ ጓዳውን ያጨልሙ ነበር። በመስኮቱ መዝጊያ ቀዳዳ ለሚገባው የፀሐይ ጨረር እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ደቅነው ይመለከቱና፣ ሕይወት ያለበትን በከሰል ምልክት ያደርጉበታል። የአራዳ ነጋዴዎች፣ "መምህር፣ ዛሬስ እንቁላሉ ምን ተብሎ ተነበበ?" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እኔም ያን ጊዜ የቅኔ ተማሪ ነበርሁና ነገሩን እንደ ድፍረት እቆጥረው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጓዳ ጠሩኝ።

"ና እይ ልጄ፣ ልቡ መምታት ጀምሯል።"

"እግዚአብሔር የሸፈነውን አላይም" አልኋቸው፣ ከመጽሐፌ ቀና ሳልል።

"ሸፈነው እንጂ መች ቆለፈው?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ከመካከሉ ተቋረጠ።

ስገባ በርጩማቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እንቁላሉ በመዳፋቸው ውስጥ ደኅና ነው። ብጠራቸው ዝም አሉ። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ እንቁላሉን ወስጄ ከብርሃኑ ፊት ያዝሁት። እንደ ሸረሪት ድር በተዘረጉ የደም ሥሮች መካከል አንዲት ቀይ ነጥብ ትመታለች። ሌላውን እጄን ከአጎቴ ደረት ላይ አኖርሁ፤ ምንም የለም።

ጎረቤቶች ጩኸቴን ሰምተው ከመድረሳቸው በፊት እንቁላሉን ከዶሮዋ ሥር መለስሁት። በሃያ አንደኛው ቀን ተፈለፈለ።

ብርሃኑ ዛሬም በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከባዶው በርጩማ ላይ ያርፋል። አየሁ፣ አጎቴ፤ "ና እይ" ያሉኝን አየሁ። ልነግረው የሚገባኝም ለእርስዎ ብቻ ነበር።