የግድግዳው ጋሻ

እኛ ቤት «ጋሻው» የሚባል ነገር ሁለት ነበር። አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአያቴ የጦርነት ጋሻ ነው። ሌላው ከወንዙ ማዶ ያለው የገብስ መሬት ነው፤ ድሮ በጋሻ ተለክቶ ስሙ እዚያው ቀረ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አባቴ ሊሞቱ ሲሉ የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው «ጋሻው ለሴቷ ልጄ ይሁን» ብለው ተናዘዙ። እኔ ያን ጊዜ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነበርኩ። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። በየመስቀሉ አውርደው አቧራውን ሲያራግፉ አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። የጎሽ ቆዳ ነው፤ ላዩ ቀይ ከፋይ፣ ከፋዩ ላይ የብር ዝርግ፣ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ እምብርት። ከብሮቹ አንዱ ዘመም ብሏል፤ ጦር የበሳውን ለመሸፈን ኋላ የተመታ ነው። አባቴ ጣቴን ይዘው እዚያ ላይ ያሳርፉና «አያትሽ የተረፉት እዚህ ጋ ነው» ይሉኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ግን ለመሬቱ ፈራ። ከአርባው በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ መሬቱን አልፈልግም። የግድግዳውን ነው የምልህ» አልኩት።

«ለቁርበት ብለሽ ነው ከመሐል ሜዳ ድረስ የምትመላለሺው? ዛሬ ቁርበቱን፣ ነገ መሬቱን ልትይ ነው!»

«ይቺ ልጅስ ነገር ተምራለች» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

የነፍስ አባታችን ሲጠየቁ «ጋሻው ሲሉ ሰምቻለሁ። የቱ ብዬ ነፍሱ የሚወጣ ሰው ላስጨንቅ ኖሯል?» ብለው አረፉት። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ እያቦካሁ ተመላለስኩ፤ ያንኑ ደጋግሜ ተናገርኩ። ለቆዳ የሚከራከር ሰው አለ ብሎ የሚያምነኝ ጠፋ። ሲታክተኝ መሬቱን ላልጠይቅ በሁሉም ፊት ማልኩ። ወንድሜ እንባው መጣ፤ አቅፎ ሳመኝ። «ለመስቀል ነይ፤ ድርሻሽን አሰናድቼ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። በመጨረሻ ገባው ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስኩ።

ለመስቀል ስደርስ ግድግዳው ባዶ ነው። ወንድሜ ከጉያው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። አዲስ የብር አልቦ ነው። የጋሻውን ብር ነቅሎ ቀየት ገበያ ለአንጥረኛ ሰጥቶ አሠርቶልኛል።

«ለሴት ልጅ ቁርበት ይሰጣል እንዴ? አባባ ብሩን ማለታቸው ነው፤ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ደረስኩበት» አለኝ። ፊቱ በርቷል። እሪ ብዬ ብጮህ በወደድኩ፤ ግን አስቦልኝ ነው፣ ምን ብዬ ልቆጣው?

«ቆዳውስ?» አልኩት።

«አልጣልኩትም። ጓዳ አለ።»

ገባሁ። የገብሱ ጎታ ላይ ተደፍቷል። ከፋዩ ተገፏል፤ ብሮቹ የነበሩበት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ተሰልፎ ይታያል። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ሰፊ ነው። ጣቴን ብሰድበት አልፎ የማዶውን መሬት ገብስ ነካ።

«ደስ አለሽ?» አለኝ ወንድሜ ከኋላዬ።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩት።