ከአጥር ማዶ የሚሞቀው ክምር

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ካገር ወጥተን ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ልጄ ሰላጣ የምትበላው ከጎረቤቴ እጅ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ምግብ ቤት ያላት ያገሬ ሰው ናት፤ ጓሯችንን የሚለየው የሽቦ አጥር ነው። ልጄ አንድ ጊዜ ሆዷን ክፉኛ ታማ ሐኪሙ ፍግ የነካው ጥሬ ቅጠል ሳይሆን አይቀርም ስላለኝ፣ በቤቴ ጥሬ አትክልት አላስገባም ነበር። ልጄ ግን በጾም ቀን ከአጥሩ ማዶ ትሄድና "እትዬ ጋ በላሁ" እያለችኝ ትመጣለች። ጎረቤቴ በጓሮዋ በፍግ ያበቀለችውን ሰላጣ በልታ አንድም ቀን አለመታመሟ ነው ያቃጠለኝ።

እኔም የራሴን ሰላጣ በፍግ ላበቅል ብዬ ከአንድ ከብት አርቢ እበት በከረጢት አስመጣሁ። ባገራችን እንደምናደርገው ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ሽታው እስኪጠፋ አድርቄ፣ ከድንችና ከጎመን ልጣጭ ጋር ከመርኩት። ምንም አልሆነም። የጎረቤቴ የፍግ ክምር ግን በየጠዋቱ ይጨሳል፤ የባሏን ካፖርት ደርባ በመንሽ ስታገላብጠው በመስኮት አያታለሁ። እበቱ እንኳ ለሷ የሚታዘዝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ልጄ ሙቀቱን ለማወቅ የሷ ክምር ውስጥ የሚሰካውን ብረት ነክታ "ሞቶ ሳና! በጣም ይፋጃል!" እያለች እጇን አራገበች። ከዚያ መጥታ የኔን ነካችና በዚያው ስዋሂሊዋ "የኛ ባሪዲ ነው፣ በረዶ" አለችኝ። ቢከብደኝም አጥሩ ጋ ሄጄ ጠየቅኳት።

"ውይ እህቴ፣ አንቺ እኮ ኩበት ነው ያበጀሽው" አለችኝ እየሳቀች። "ሻይ ልታፈዪበት ነው?"

የደረቀው ንጹህ መስሎኝ ነበር። ደረቅ እበት እንደማይግል፣ ካልጋለ ደግሞ ጀርሙ እንደማይሞት አስረዳችኝ። እርጥቡን እበት ከቅጠልና ከልጣጭ ጋር ቀላቅዬ፣ እንደተጨመቀ ጨርቅ ርጥበቱን እንድጠብቅ፣ ሲግል የውጪውን ወደ ውስጥ እያስገባሁ እንዳገላብጥ፣ መጋሉን ሲያቆምም ብዙ እንድታገሥ ነገረችኝ። ደግ ነበረች። ደግነቷም አናደደኝ።

እንዳለችው አደረግሁ። እኔም የሰካሁበት ብረት ለመዳፍ እስኪያስቸግር ጋለ። ከሷ አብልጬ አገላበጥኩ፤ ከበረደም በኋላ ከሷ አብልጬ ጠበቅሁ። በዚያ ፍግ የተከልኩት ሰላጣ ሲደርስ ደጋግሜ አጥቤ፣ ሎሚ ጨምቄ ልጄን ጠራኋት። አፏን አፏን እያየሁ ቀመሰች።

"ጥሩ ነው" አለችና ሳህኑን አነሳች። "እትዬን ላቅምሳት?"

"መጀመሪያ ጨርሺ" አልኳት። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ከፊቷ አልተነሳሁም።