በረዶ የነካው መድኃኒት

ይርጋነሽን ቢቸና ውስጥ ሰፈርተኛው ሁሉ «ባለ ፍሪጇ» ይላታል። ሌላ ፍሪጅ ያለው ጠፍቶ አይደለም፤ እንደ እሷ ለፍሪጅ የሚቆጣ ሰው ስለሌለ ነው። ትኩስ ድስት አታስገባም፣ ውኃ ያለ ክዳን አታስቀምጥም። ከፍቶ የሚያፈጥ ሰው ካየች «መጀመሪያ አስብ፣ ከዚያ ክፈት» ትላለች። የበሩን ላስቲክ በየሳምንቱ ትወለውላለች፤ ላስቲኩ ከላላ እርጥብ አየር እየገባ በረዶ ይጋግራል። የተጋገረውንም ሶኬቱን ነቅላ፣ በሩን ከፍታ፣ ሙቅ ውኃ በሳህን አስገብታ ታቀልጠዋለች እንጂ በቢላ አትነካውም። «ይርጌ፣ ፍሪጅሽን የሚከፍተው ዲያቆን ብቻ ነው እንዴ?» እያለች የምትቀልድባት የግድግዳ ጎረቤቷ ባንቺዓለም ናት።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ግን የባለቤቷ የመምህር ወልደ ኪዳን ነፍስ ነው። ጡረተኛው መምህር የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የሚወጉት ኢንሱሊን ከሞቀ ይበላሻል፣ በረዶ ከነካው ደግሞ ከናካቴው አይሠራም። ወንድሟ ከሞጣ እየገዛ በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፍ መኪና ይልክላት ነበር፤ ዘንድሮ ግን መንገዱ ሳምንት ተከፍቶ ወር ይዘጋል። የቅበላ ሰሞን ከአልጋው ራስጌ ከተቀመጠው የተጀመረ ብልቃጥ ሌላ የቀራቸው ፍሪጅ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ነበሩ። ሁለቱ ሁዳዴን ያሻግራሉ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ባንቺዓለም የቅርጫ ሥጋዋን በትልቅ ሳፋ ይዛ መጣች። የእሷ ፍሪጅ ተቃጥሏል።

«እንግዶቼ ከየጁቤ የሚመጡት እሑድ ነው። እስከዚያ ብቻ አኑሪልኝ» አለቻት።

ይርጋነሽ እምቢ ማለት ነበረባት። ነገር ግን በእኛ አገር ጎረቤትን እምቢ የሚል አፍ ገና አልተፈጠረም። ባለፈው ክረምት መምህር ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ተሸክመው ሐኪም ዘንድ ያደረሷቸው የባንቺዓለም ልጆች ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ። ሳፋው እንዲገባ የመድኃኒቱን ካርቶን ወደ ኋላ ገፍታ ከፍሪጁ ግድግዳ አስጠጋችው። ሥጋው ገና ከእርዱ ሙቀት አልወጣም። «የሰው አደራ ቢሸትብኝ ምን እባላለሁ?» አለችና የቅዝቃዜውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ስንት ዘመን ለባሏ ስትል የጠበቀችውን ቁልፍ ለይሉኝታ አዞረችው።

እሑድ ሥጋው ምንም ሳይሆን ወጣ፤ ባንቺዓለም መርቃት ሄደች። ከሰዓት በኋላ የራስጌው ብልቃጥ አለቀና ይርጋነሽ አዲሱን ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ካርቶኑ ከግድግዳው በረዶ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። በሙቅ ጨርቅ ይዛ ስታላቅቀው ሁለቱም ብልቃጦች ውስጣቸው ድንጋይ ሆኗል። እያለቀሰች በመዳፏ አሟሟቀቻቸው። ሲቀልጡ ምንም እንዳልነካቸው ጥርት አሉ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስርጉት ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ መልኩን አይዩት። በረዶ የነካው አይሠራም፣ ይጣሉት» አለቻት።

«እናንተ ዘንድስ የለም?»

«አልቋል። ሞጣ አይገኝም?»

ሞጣማ ይገኛል። ወንድሟም መድኃኒቱን ገዝቶ በእጁ ይዟል፤ የሚንቀሳቀስ መኪና ግን የለም።

መምህር ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

«ለባንቺዓለም እንዳትነግሪያት» አሉ። «በእኔ ሥጋ የተነሣ እያለች ዕድሜ ልኳን ስትጸጸት ትኖራለች። በይ ቅጂውና ውጊኝ፤ ከባዶ ይሻላል።»

እንደማይሻል ሁለቱም ያውቃሉ። ይርጋነሽ ግን እንደ ወትሮው ልክክ አድርጋ ቀዳች፣ ወጋቻቸው። መኪና የሚጠይቅ ስልክ ጠዋት ማታ ደወለች፤ መልሱ አንድ ነው።

ጾሙ ገብቶ ሁለት ቀን ሳይሞላ መምህር ውኃ ማብዛት ጀመሩ። ስኳር ሲወጣ ፊት የሚመጣው ጥም ነው። ይርጋነሽ አንድ ብርጭቆ ሰጠቻቸው፣ ጨለጡት። ደግማ ሰጠቻቸው፣ እሱንም ጨለጡ።

«ዛሬስ ፀሐዩ ከሯል» አሉ ብርጭቆውን ሲመልሱ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ እንደ ደመነ ነው።

«አዎ፣ ከሯል» አለችና ሦስተኛውን ቀዳችላቸው።