የስድስት ሰዓቱ ሟቾችና የግቮዝደን ፍራሽ

በዚያች የሰርቢያ ከተማ ሰው ሞተ የሚባለው ሐኪም ሲናገር አይደለም፤ ሰው እትዬ ቪዳ የሚላት ቪዶሳቫ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ስሙን በሬዲዮ ስታነብ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢበዛ «ጠንቶበታል» ይባላል። አንድ ቄስማ «እትዬ ቪዳ ገና አላነበበችውም» ብለው ፍትሐት አሳድረዋል እየተባለ ይወራል፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ድምፅ ደግሞ አላት፤ ኧረ እንዴት ያለ ድምፅ! ዕድሜውን በሙሉ ሲሰክር የኖረውን ሰው እንኳ ሚኒስትር አስመስላ ነው የምትሸኘው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስታነብ ከተማው አክብሯታል፤ ገበያ ስትወጣ ግን አሮጊቶቹ ሸሸት ይላሉ።

ባለፈው መስከረም የጣቢያው ኃላፊ ራዲሻ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እትዬ ቪዳ፣ ስፖንሰር አገኘን! የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ግቮዝደን ነው። ኳሱን ያዘ፣ ዜናውን ያዘ፣ የእርስዎንም ያዘ።»

«የእኔን ምኑን?»

ራዲሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእያንዳንዱ ሟች ስም ቀጥሎ አንዲት መስመር ብቻ። "የግቮዝደን ፍራሽ፤ እንቅልፍ ማለት ይህ ነው!"»

«ጤና የለህም እንዴ አንተ ልጅ?»

«እሱ ካልከፈለ ሬዲዮው ይዘጋል። ያኔ ሟቾቹን በመስኮት ብቅ ብለው ሊያነቡ ነው?»

ምን ታድርግ፣ አነበበች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ከላይኛው ሰፈር አንዲት ባልቴት ናቸው።

«ልጄ፣ ሰውዬው የሞተው እዚያ ፍራሽ ላይ ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ፣ ማስታወቂያ ነው።»

«እንዲያም ቢሆን የኔን ልመልሰው።»

ይህስ አስቆ ያልፋል። ኋላ ግን አንድ ሰው የሚስቱን መርዶ ጽፎ መጣ። «እትዬ ቪዳ፣ ስድስት ወር ሙሉ ከአልጋ ሳትነሳ ነው ያለቀችው። ስለ ፍራሽ አታንሺብኝ፣ በሞቴ» አላት። ራዲሻን ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ውል ነው አለ። አነበበችው። ያን ቀን ከሰውዬው ደጅ እንዳታልፍ በሌላ መንገድ ዞራ ነው ቤቷ የገባችው። በማግስቱ ለራዲሻ ቁርጡን ነገረችው፤ እስከ ዓርብ ወይ ያቺ መስመር ትወጣለች፣ ወይ እሷ ትወጣለች። ሥራውን እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው።

ሐሙስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ በሩ ተከፈተ። ግቮዝደን ራሱ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። አባቱ ስሬቴን ሌሊቱን ዐርፈዋል። ወረቀቱን ሰጣትና አቀረቀረ።

«እትዬ ቪዳ… ያቺን መስመር ለአባቴ ይተዉልኝ።»

«ለአባትህ ብቻ?»

«ለአባቴ ብቻ።»

«ዛሬ አምስት ሟች ነው ያለኝ፣ ግቮዝደን። አራቱ ከዛፍ የረገፉ ናቸው?»

ራዲሻ ከኋላ ቀሚሷን ጎተት አደረጋት። ጆሮ ዳባ ልበስ!

«ውሉ እኮ…» አለ ግቮዝደን።

«ውል ከሆነ ለሁሉም ነው። ለአባትህም ድምፄን አሳምሬ አነባታለሁ።»

«ኧረ እንደሱ አይበሉኝ!»

«አየር ላይ ነን» የሚለው ቀዩ መብራት በራ። ስሬቴንን አነበበች፤ ሰማንያ አራት ዓመት፣ አናጢ፣ የልጅ ልጆች አያት። ከመስታወቱ ወዲያ ግቮዝደን የገዛ ማስታወቂያውን ላለመስማት ይመስል ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። መስመሯ አልመጣችም። እትዬ ቪዳ ቀጠለች፤ ሚሉንካ፣ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ ልጅ ያልነበራት፣ ወረቀቷን ጎረቤቶቿ ያመጡላት። ይህን አንብባ ቆመችና ቀና ብላ ግቮዝደንን አየችው።

ሬዲዮው ጸጥ አለ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ራዲሻ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። በየቤቱ የሾርባ ማንኪያ በአየር ላይ ቀርቶ ይሆናል። ግቮዝደን መሬት መሬት ሲያይ ቆየና መስመሯ ትቅር ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት። የቀሩትን ሦስቱንም እንዲሁ ያለ ፍራሽ አነበበቻቸው።

ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቃት። «ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚሰጠው ያን ሰዓት ነው ብለውኝ እኮ ነው።»

«እውነታቸውን ነው። ለዚያ እኮ ነው ዝም የሚባለው።»

«ታዲያ ፍራሼን የት ላስነግረው?»

«የከንቲባው ስብሰባ በቀጥታ ሲተላለፍ አስነግረዋ! እሱን ሰምቶ ያላንቀላፋ ማን አለ?»

ግቮዝደን ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እትዬ ቪዳ ወንበር ሳብ አደረገችለት። ራዲሻ ስፖንሰር ሲያለቅስ አይቶ አያውቅ፣ ውሃ ያምጣ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ያምጣ ግራ ገባው፤ ራኪያውን አመጣ። ለሟች እንደሚጠጣው ብርጭቆ ሳያጋጩ፣ ጠብታ መሬት ላይ አፍስሰው ለስሬቴን ጠጡ። ከዚያ ግቮዝደን ብርጭቆውን እንደገና ሞላ።

«ያቺ ልብስ አጣቢዋ» አለ አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ስሟን ማን ነበር ያሉት?»